ዝም ያለው ኮርማ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ያለው አንድ ኮርማ ብቻ ነበር።

መምሬ እንግዳወርቅ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ በደረቁ ነው። ከፊታቸው የተቀመጠው የንስሐ ልጃቸው ደርበው ነበር። ደርበው ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ልጅ አለው። ልጁ በገበያ ቀን ከአባቱ እኩያ ጋር ተጣልቶ ሰውየውን ገፍትሮ ጣለው። ደርበውም እሑድ ምእመኑ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቆ፣ ልጁን ድንጋይ አሸክሞ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንበረከከው። ይቅርታ ተጠየቀ፤ የተበደለውም ሰው ይቅር አለ። አባትየው ግን በዚያ አልረካም፤ አገሩ ሁሉ እያየ ልጁን በጅራፍ ጨመረለት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ዝም አለ። ሂድ ሲሉት ይሄዳል፤ ና ሲሉት ይመጣል፤ ቃል አይመልስም። ደርበው በዚህ ደስ ብሎት ሰነበተ፤ ሚስቱ ግን እንባዋ አልደርቅ ቢላት ግራ ገባውና ወደ ነፍስ አባቱ መጣ።

«አባቴ፣ ልጁ ተገርቷል፤ ያልሁት ሁሉ ይሆናል» አለ። «ታዲያ እናቱ እንደ ቀበረችው ሁሉ የምታለቅሰው ለምንድን ነው? የበደልሁት ነገር አለ?»

መምሬ በድለሃል አላሉም፤ አልበደልህምም አላሉም። ስለዚያ ገበሬ ነገሩት።

ገበሬው ኮርማውን ከጥጃነቱ ያሳደገው በእጁ ነበር። እናቲቱ በወለደች ሰሞን ገደል ገብታ ስለ ሞተችበት፣ ከየጎረቤቱ ወተት እየለመነ፣ ብርድ በሆነ ጊዜም ከምድጃው አጠገብ እያሳደረ አደረሰው። ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረበትና ቦቃ ብሎ ጠራው። ቦቃ አደገ፤ አንገቱ ወፈረ፤ ሻኛው ወደ ጎን እስኪያዘነብል ድረስ ጠና። ገበሬው በሰው ፊት አያመሰግነውም እንጂ ሲመሽ ከበረት ሲያስገባው ጀርባውን መታ መታ ያደርገው ነበር።

ባለ አንድ በሬ ግማሽ ገበሬ ነው። ከገበሬው ማሳ አጠገብ ደግሞ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ እሷም ባሏ የተወላት አንድ ያረጀ በሬ ብቻ ነበራት። ሁለቱ ተስማምተው በሬዎቻቸውን አቀናጁ። አንድ ቀን የእሱ ማሳ ይታረሳል፤ በማግስቱ የእሷ። የእሱን ልጆችም የእሷንም የሚያበላው ያ አንድ ቀንበር ነበር።

ቦቃ ግን ቀንበር አልወደደም። የላም ሽታ ከመጣለት የቀንበሩን ማነቆ ሰብሮ ይሄዳል። የሴቲቱን ሽማግሌ በሬ በቀንዱ ጎኑን ይወጋዋል። አጥር ይገለብጣል። ገበሬው ሲቆጣው ዞሮ ያየዋል እንጂ አይሸሽም። እንዲህ ሲታገሉ ሰነበቱ፤ በመጨረሻም አንድ ቀን፣ ሰኔ ገብቶ ሰው ሁሉ በየማሳው በወጣበት ሰዓት፣ ቦቃ ቀንበሩን እንደ ተሸከመ ተነሥቶ ሮጠ። ሽማግሌውን በሬ ከነሞፈሩ እየጎተተ በሰው በቆሎ መካከል አለፈ። ገበሬው በጭቃ እየተንሸራተተ ተከተለው። አንዱ ጎረቤቱ ከማሳው ዳር ቆሞ፣ ይህን ቤት የሚያስተዳድረው ሰውዬው ነው ወይስ ኮርማው ብሎ ጠየቀ። እሱም ሌላውም ሰው ሳቀ።

በቆሎውን ይቅር ብለውታል። ሳቁን ግን እሱ ይቅር አላለም። እራት አልበላ አለ። ሚስቱ እንስሳ ነው፣ ምን ያውቃል ብትለው፣ እሱ ባያውቅ እኔ አሳውቀዋለሁ አላት።

በዚያ አገር ከብት የሚያኮላሽ አንድ ሽማግሌ ነበረ። ገበሬው በማግስቱ ወደ እሱ ሄዶ ኮርማዬን አኮላሽልኝ አለው። ሽማግሌው ነገሩን ሰምቶ ጊዜው አይደለም አለ። ይህ ሥራ ዝናሙ አልፎ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ዝንብ ሲጠፋ ቢሆን ይሻላል፤ ጥቅምት ድረስ ታገሥ፣ እስከዚያ በሬ ተዋስ ብሎ መከረው። ገበሬው አልሰማም። እርሻው አይጠብቀኝም አለ። እርሻው እውነት ነበር፤ ግን ያስቸኮለው እርሻው ብቻ አልነበረም።

ሽማግሌውም ሲያየው እንደማይመለስ አወቀና እንዲህ አለው፦ «እንግዲያው ስማኝ፣ ልጄ። የእኔ ሥራ የአፍታ ነው። የአንተ ሥራ ቁስሉ ጠግጎ እስኪደርቅ ድረስ ነው። የእኔን ሁሉም ያየዋል፤ የአንተን ማንም አያይልህም። ይህን ከቻልህ እመጣለሁ፤ ካልቻልህ ኮርማህን እንዳለ ተወው።»

ገበሬው እችላለሁ አለ። ያን ጊዜ የማይችለው ነገር የለም።

ቀኑ ደረሰ። ጎረቤት ተጠራ፤ ያ የሳቀውም ሰው መጣ። ጭድ አንጥፈው ቦቃን በገመድ ጠልፈው ጣሉት፤ አራት እግሩን አሰሩት። ገበሬው የኮርማውን ራስ ያዘ። ሽማግሌው ከኋላ ተንበርክኮ፣ የቆለጡን ጅማት በእንጨት ላይ አድርጎ በእንጨት መዶሻ ይመታ ጀመር፤ ቆዳው ሳይቀደድ ጅማቱ ብቻ እንዲደቅ፣ እጁ የለመደው ሥራ ነበር። ኮርማው አጓራ። ዓይኑ ነጩ ወጥቶ ገበሬውን ያይ ነበር፤ ሌላ የሚያየው አልነበረምና።

ገበሬው ያን ዓይን ሲያይ ያዝናል ብሎ የጠበቀ ይኖር ይሆናል። እሱ ግን በዚያ ዓይን ውስጥ ያየው የሰኔውን ጭቃና ሳቁን ነበር። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ዙሪያውን ቆመዋል። ዱላውን አንሥቶ አፍንጫውን መታው።

«አሁንስ ጌታው ማነው?» አለው።

ኮርማው ከነገመዱ ተወራጨ። የሽማግሌው መዶሻ ሳተ፤ ቆዳው ተቀደደ፤ ደሙ በጭዱ ላይ ፈሰሰ።  ሽማግሌው መዶሻውን አስቀምጦ ቢላዋውን አወጣና፣ በመዶሻ የጀመረውን በቢላዋ ጨረሰው። ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠበው። ገመዱ ተፈትቶ ኮርማው እየተንገዳገደ ሲቆም ሽማግሌው እጁን እየታጠበ ወደ ገበሬው ዞረ።

«ለምን መታኸው?» አለው። «ታስሮ ነበር እኮ።»

 መልስም ሳይጠብቅ የሚደረገውን ነገረው። ጠዋትና ማታ ፈልቶ በበረደ፣ ጨው ባለበት ውሃ ይታጠብ። የግራዋ ቅጠል ተጨምቆ በዙሪያው ይቀባ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት። የሚተኛበት ጭድ ሲረጥብ ይለወጥ፤ ጭቃ ላይ አይተኛ። ቁስሉ አፉን አይግጠም፣ እዥ ካለው ይውጣ። ትንሽ ትንሽ ይራመድ እንጂ ቀንበር የሚባል አይታሰብ። ጆሮው ከጋለ፣ ሣር ከተወ፣ ያን ቀን ላክብኝ። ይህን ብሎ ሄደ።

ገበሬው በመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች አጠበ። እውነቱ ይነገር፤ በደንብ አጠበ። ኮርማው ግን እጅ አላስነካ አለ። ውሃው ገና ሲደርስበት ይራገጣል፤ አንድ ቀንም ጭኑን መታውና ገበሬው እያነከሰ ዋለ። ማሰሮውም ተሰበረ። ገበሬው ቂም ያዘ። ይህ ሁሉ ተደርጎበት አሁንም አልበረደለትም እያለ በልቡ ይቆጥር ጀመር። ሽማግሌው አንድ ጊዜ መጥቶ አየ፤ ቁስሉ ደህና ነው፣ እንዲሁ ቀጥል ብሎ፣ ሩቅ አገር ያለች ልጁን ሊጠይቅ እንደሚሄድ ነግሮ ተሰናበተ። ዝናሙም በረታ። ጭዱ ሲረጥብ ገበሬው መጀመሪያ ቀየረ፤ ኋላ ጭድ ሲያልቅበት የረጠበውን ገለበጠው፤ ኋላ ተወው።

አንድ ጠዋት ውሃውን ይዞ ገባ። ኮርማው አልተራገጠም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ገበሬው በእጁ ጎኑን ነካው፤ አልተንቀሳቀሰም። ቀንዱን ይዞ ራሱን ወዲህና ወዲያ አዞረው፤ እንደ ዞረ ቀረ። የገበሬው ልብ በደስታ መታ። ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ገባህ?» አለው።

ያን ቀን ቁስሉን አላጠበም። በማግስቱም አላጠበም። ሥራው አለቀ መሰለው። እንግዲህ እዚህ ላይ አስተውል፤ ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ረስቶም አይደለም። ያኮላሸው ኮርማው እንዲድን ሳይሆን እንዲሸነፍ ነበርና፣ የተሸነፈ ሲመስለው የቀረው ሥራ አልታየውም።

ሚስቱ ግን አየች። ሣሩን ስትወስድለት የትናንቱ እንዳለ ነው።

«አልበላም እኮ» አለችው። «ጠረኑም ደስ አይልም። ውሃ ላፍላና ልጠበው።»

«ትዕቢቱ ነው የሚጾመው፤ ይጹም» አላት። «አታቅብጪብኝ። እዚህ ያደረሰን ማቅበጥ ነው።»

ሚስቱ ውሃውን አፈላች፤ እሱም ከእጇ ተቀብሎ ደፋው። ሁለተኛ አላፈላችም።

ከዚያ ገበሬው ጎረቤቶቹን ጠራ። ያን የሳቀውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይዞት መጣ። ቦቃን ከበረት አውጥቶ በደጁ አቆመው። እጁን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ጅራቱን ጎተተ፤ በሆዱ ስር አለፈ። ኮርማው እንደ ቆመ ቆመ። ሰዎቹ ተደነቁ። ያ የሳቀው ሰውም፣ እንግዲህ እጄን ሰጥቻለሁ፣ ጌታው አንተ ነህ አለው። ገበሬው ይህን ቃል እንደ ማር ላሰው።

ያረጀው በሬ ባለቤት፣ ያች ሴትም ከሰዎቹ ጋር ነበረች። ገበሬው ገመዱን ሰጥቷት፣ እትዬ፣ አንቺ ምሪው፣ ያ የበሬሽን ጎን ይወጋ የነበረው አይደለም ወይ አላት። እሷም ገመዱን ይዛ ጥቂት መራችው። ስትመለስ እጇን ጆሮው ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሣች።

«ወንድሜ፣ ይህ ጆሮ ይግላል» አለችው በዝግታ።

«ፀሐይ ላይ ስለቆመ ነው» አላት።

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ፀሐይ ካዩ ሰንብተዋል። ሴቲቱ ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየች፤ ወደ ኮርማው አየች፤ ከዚያ ወደ ማሳዋ። ማሳዋ አንድ ጊዜ ብቻ የታረሰ ነበር። ጤፍ የሚዘራበት ሳምንት እየደረሰ ነው፤ ይህ ኮርማ ታመመ ከተባለ የሚጣመድላት የለም። በቤቷ የሚበሉ አፎች አሉ። ደግማ ብትናገር ገበሬው ሊሰማት ይችል ነበር፤ ላይሰማትም ይችል ነበር። አልተናገረችም። ገመዱን መልሳ ሰጠችውና ቤቷ ሄደች። እሷም በኋላ ይህን ነገር ለማንም አልተናገረችም፤ ለንስሐ አባቷ ካልሆነ በቀር።

ገበሬውም በሬዎቹን ጠመደ። ያን ቀን ተራው የሴቲቱ ማሳ ነበር። ቦቃ አንገቱን ራሱ ዝቅ አድርጎ ቀንበሩን ተቀበለ። ማነቆ ሲገባበት አልተንቀሳቀሰም። ገበሬው ጅራፉን ሲያጮኸው ሄደ። ትልሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። በዚያ ማሳ እንዲህ ያለ ትልም ወጥቶ አያውቅም። ገበሬው ድምፁን ከፍ አድርጎ በሬዎቹን እያወደሰ ያርስ ጀመር፤ ከሕይወቱ ሁሉ የተደሰተበት ቀን ያ ነበር ይባላል። መንገደኛ ቆሞ አየው። እሱም ከማሳው መካከል ሆኖ፣ አያችሁ ወይ፣ ኮርማ እንዲህ ነው የሚገራ አላቸው።

ከጥቂት ትልም በኋላ ቦቃ በጉልበቱ ወረደ።

ሴቲቱ ከማሳው ዳር ቆማ ነበርና ይብቃው፣ የቀረው ይቅር ብላ ለመነችው። ገበሬው አልሰማትም። ጅራፉን አሳረፈበት። እንስሳው ተነሣ። እዚህ ላይ ባይነሣ ኖሮ ምናልባት ቆሞ ያየው ነበር፤ ተነሣ። ትልሙን እስከ ዳር ጨረሰ፤ ዞረ፤ ሌላም ጀመረ። አፉ አረፋ ሆኗል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ይሄዳል።

«አይተሽዋል፣ እትዬ?» አላት ገበሬው በአጠገቧ ሲያልፍ። «አንዴ እንኳ አልታገለኝም።»

በማሳው እኩሌታ ላይ ወደቀ። ሲወድቅ ሽማግሌውን በሬ አንገቱን ጠምዝዞ አብሮ አንበረከከው። ገበሬው ጅራፉን አነሣ፤ መታው፤ አልተነሣም። ደግሞ መታው። ሴቲቱ እየሮጠች መጥታ፣ ሽማግሌው በሬ ታንቆ እንዳይሞትባት፣ በሬውን የያዘውን ጠፍር በማጭድ ቆረጠችው። ያን ጊዜ ገበሬው ጅራፉን ጥሎ ወደ ኋላ ዞረ፤ ያን ውሃ መሬት ላይ ካስቀመጠበት ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅራቱን አንሥቶ አየ።

ቁስሉ በላዩ ገጥሟል። ከውስጥ ግን የያዘው አልወጣምና፣ ከጭኑ እስከ ሆዱ ድረስ አብጦ ጠቁሯል። በጎን በኩል በተቀደደው ትል ይርመሰመሳል። ሽታው ሴቲቱን ወደ ኋላ መለሳት።

ሽማግሌው ከልጁ ዘንድ ተመልሶ ነበር፤ ተጠርቶ መጣ። ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ ጆሮውን ዳሰሰ፤ አፍንጫውን ዳሰሰ፤ ቁስሉን አንድ ጊዜ አይቶ ጅራቱን መለሰ። ገበሬው፣ ምን ይደረግ፣ የሚቆረጥም ይቆረጥ፣ የሚታጠብም ይታጠብ እያለ ይለምነው ነበር።

«መራገጥ ያቆመው መቼ ነው?» አለው ሽማግሌው።

ገበሬው ነገረው። ያን ጠዋት አስታውሶ፣ እንዴት ቀንዱን ይዞ ራሱን እንዳዞረው፣ እንዴት እንዳልተቃወመው ነገረው። ሲነግረው እንኳ በድምፁ ውስጥ ያ ደስታ ትንሽ ቀርቶ ነበር። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰማው።

«ልትልክብኝ የሚገባህ ያን ቀን ነበር» አለው። «ቁስሉን ሲነኩት የሚራገጥ ከብት ገና ራሱን ይጠብቃል። ይህኛው ያን ጠዋት ራሱን ተወ። አንተ ተገዛልኝ አልህ።»

ከዚያ በኋላ ገበሬው አጠበው። ሴቲቱ ውሃ አፈላች፤ ሚስቱ የግራዋ ቅጠል ይዛ መጣች፤ እሱም በእጁ ትሉን ለቀመ፤ ደረቅ ጭድ ከሰው ለምኖ በማሳው መካከል አነጠፈለት፤ በላዩ በቆዳ ከለለለት። ቀድሞ ቢሆን የሚያድነውን ሥራ ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድል፣ ሠራ። ኮርማው አልተራገጠም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናሙ ሲያባራ ሞተ።

ሥጋው ለቅርጫ አልሆነም፤ ማንም አልነካውም። ጎረቤቶቹ በገመድ ጎትተው ገደል ጣሉት። ያ የሳቀው ሰውም ከሚጎትቱት መካከል ነበረ፤ በዚያን ቀን አልሳቀም፤ ከዚያም ወዲያ በገበሬው ላይ አልሳቀም። ሊሳቅበት የሚችል ነገር አልቀረምና።

ሴቲቱ የማሳዋን እኩሌታ ብቻ ታርሶ አገኘችው። እሱንም መልሶ የሚያርስላት አጥታ፣ መሬቷን ከነበሬዋ ለሌላ ሰው ለእኩል ሰጠች። በበጋው ከሚወቃው ጤፍ ግማሹ የሰው ሆነ፤ ታላቋ ልጇም ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። ገበሬው ማሳውን በዶማ ቆፈረ። በዶማ የሚቆፈር ማሳ ምን ያህል እንደሚያበላ የምታውቀው ነው።

ግን መራራው ይህ አይደለም። መራራው ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ገበሬ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ሰጥቶት ኖረ፤ ሸመገለም። ስለ ከብት ነገር በተነሣ ቁጥር ስለ ቦቃ ያወራ ነበር። ሰው ሞተብህ አይደለም ወይ ሲለው፣ ሞቶብኛል፣ ግን ሲሞት ተገርቶ ነበር ይላል። በዚያች ቀን ያወጣው ትልም እንዴት ቀጥ ያለ እንደ ነበር በጣቱ አየር ላይ ያሳያል። ሚስቱ ያ ውሃ ከእጇ ከተደፋ ወዲህ ቃል መልሳለት አታውቅም፤ ብዪ ሲላት ትበላለች፣ ተነሺ ሲላት ትነሣለች። እሱም በእድሜዬ ማምሻ ቤቴ ሰላም ሆነልኝ ይል ነበር። እንዲህ እያለ ሞተ።

መምሬ እንግዳወርቅ እዚህ ላይ አቆሙ። ደርበው መሬት መሬት ያይ ነበር። እሳቸውም ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ ደርበው፣ ገበሬው አንተ ነህ» አሉት። «ኮርማው ማን እንደሆነ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። የምልህ ልጅህ አይቀጣ አይደለም። ሰው ገፍትሮ ጥሏል፤ መቀጣት ነበረበት። ድንጋዩን ማሸከምህ ልክ ነው፤ ያ የሽማግሌው መዶሻ ነው። ጅራፉ ግን ዱላው ነው። ልጁ ተንበርክኮ ነበር፣ ደርበው። ተንበርክኮ የነበረን ለምን መታኸው?»

መምሬ ቀጠሉ።

«እሱም ይሁን፤ መዶሻው ሳተ፣ ቆዳው ተቀደደ እንበል። ስንት አባት አለ እጁ የሳተበት። ከዚያ ወዲህስ? ቁስሉን አይተኸዋል? ከጎኑ ተቀምጠህ ታውቃለህ? እናቱ ውሃ ይዛ ስትመጣ ከእጇ ተቀብለህ የደፋኸው አንተ አይደለህም? ታለቅሳለች አልኸኝ። ጆሮውን ዳስሳው ነው የምታለቅሰው።»

«አባቴ፣ ግን ይታዘዘኛል» አለ ደርበው፤ ድምፁ እንደ መጣበት ጊዜ አልነበረም።

«ያኛውም ታዟል። እስከ ማሳው እኩሌታ ድረስ ታዟል።»

ደርበው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እንግዲያው ምን ላድርግ አላቸው።

«ከዚህ ተነሥተህ በቀጥታ ወደ ልጅህ ሂድ» አሉት። «ስለ ትዕዛዝ አትናገረው። መምታቴ አለልክ ነበር በለው፤ ሰው በተሰበሰበበት የመታኸውን ሰው በተሰበሰበበት ልትለው ይገባሃል፤ መጀመሪያ ግን ለብቻችሁ በለው። ምናልባት ይቆጣሃል። ምናልባት አባት የማይሰማውን ቃል ይናገርሃል፤ እጁንም ያነሣብህ ይሆናል። ከተራገጠ እግዚአብሔርን አመስግን፤ ውሃህን ይዘህ ነገም ተመለስ፣ ከነገ ወዲያም ተመለስ፤ ይድናል።»

ተነሥተው በመስቀላቸው ባረኩት። ደርበው ተሳልሞ ሲወጣ ከበሩ ላይ ጠሩት።

«ዝም ካለህ ግን» አሉት፣ «ያን ጊዜ ፍጠን።»